ውሻው ስለጮኸብኝ ኒካዬ እንዳይቀር

ነሐሴ 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የውሻ ጩኸት በጠባዬ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይያዝብኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ጓድ ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካች በሺር ይመር በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ስሆን፣ የሰኞ ገበያውን ነጋዴ የሐጂ አብዱልወሀብን ልጅ ሁስኒያን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ተፈቅዶልኝ ነበር። ሆኖም ሆጤ ወደሚገኘው ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ዳማ የተባለው ውሻቸው ስለሚጮህብኝ፣ ሐጂ ውሻ ክፉ ሰው ለይቶ ያውቃል በማለት ጠባዬ እንዲጣራ ለሸንጎው አመለከቱ። ጉዳዩ በቀጠሮ ከተያዘ ወዲህ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች እንደ ፀጉረ ልውጥ ያዩኝ ጀመር።

1. በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነልኝ። አንዱ ጎረቤት የውሻውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጌታው መሆኔን እንዳሳየው መከረኝ። አየሁት፤ ጩኸቱ ባሰ። ሌላው ደግሞ ጭራውን ከቆላ ታርቋል አለኝ። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲወዛወዝ ሳይ ደስ ብሎኝ እጄን ብዘረጋ፣ ለሽምግልናው ያሰፋሁትን ሱሪ ከጉልበቱ በታች ቦጭቆ አስቀረው። ዱላ ያቀበለኝም ነበር፤ እሱን ሁስኒያ ነጠቀችኝ።

2. ሁስኒያ ሁሉንም በአጥሩ በኩል ስታይ ነበርና ሣቋ አላናግር ብሏት ከቆየች በኋላ፣ "ፈርቶህ እኮ ነው፣ ጠልቶህ አይደለም። የዝናብ ልብስህን ቆብ አውልቅ፤ አትየው፣ ጎንህን ሰጥተህ ቁም። ራሱ ይምጣ" አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ዳማ ዙሪያዬን አሽትቶ ሲያበቃ ጫማዬ ላይ ተኛ። እግሬ ቢደነዝዝም ከደስታዬ የተነሣ አልተንቀሳቀስኩም።

3. ሐጂ ግን ውሻዬን አታሎብኛል በማለት አልተቀበሉኝም። ባለፈው ሐሙስ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ዝናብ ስለያዛቸው፣ ባለቆብ ካፖርት ገዝተው ለብሰው ተመለሱ። ከቡችላነቱ ያሳደጉት ዳማ አላወቃቸውም። በገዛ ደጃቸው አቆማቸው። እኔ ነኝ እያሉ ሲቆጡ እሱም አብሮ ይቆጣል። ከሽማግሌዎቹ ጋር እዚያው ነበርኩና ቆቡን እንዲያወልቁ፣ ዓይኑንም እንዳያዩት በትሕትና ለመንኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ። ዳማ አሸተታቸውና እግራቸው ሥር ተንከባለለ።

ሐጂም፣ "ወላሂ፣ በዚህ ዳኛ ከሄድንማ እኔም ከቤቴ መባረሬ ነው" አሉና ሣቁ። ሽማግሌዎቹም አጥሩን ተደግፈው ሣቁ። ሁስኒያ ከውስጥ እልል አለች። ካፖርቱ እንደረጠበ የጋብቻ ውሉ፣ ኒካው፣ የፊታችን እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ።

ስለዚህ፦

ሀ) ሐጂ አቤቱታቸውን መተዋቸውን ከዚህ በታች በፊርማቸው ስላረጋገጡ መዝገቡ እንዲዘጋልኝ፤

ለ) የጥበቃ ጓዶች ይህንኑ እንዲያውቁ እንዲደረግልኝ፤

ሐ) እሑድ ከቀበሌያችን የጽዳት ዘመቻ እንድቀር እንዲፈቀድልኝ እያመለከትኩ፣ ሌላ ቀን የሁለት ሰው ሥራ ለመሥራት ቃል እገባለሁ።

ሸንጎው በሙሉ በሰርጉ ተጋብዟል።

ከአብዮታዊና ከሙሽራ ሰላምታ ጋር

በሺር ይመር (ፊርማ)

አቤቱታዬን ትቻለሁ፦ ሐጂ አብዱልወሀብ (ፊርማ)