የአክስቴ ሰሃን

ቅዳሜ፣ የካቲት 6
ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት አክስቴ ሐጂራን ክሊኒክ ወሰድኳት። ስኳሯ ከፍ ብሏል። ክብደቷም። ሐኪሟ፣ "በዚህ ሁኔታ መጾም የለብሽም። ክብደት ቀንሺና ከረመዳን በፊት ተመለሺ" አለቻት። ሊፍት ውስጥ አለቀሰች። እሷ! እዚህ ዓረብ አገር መጥታም የረመዳን ጾም ቀርቶባት አያውቅም...
የሳምንቱን የምግብ ፕሮግራም እኔ ባወጣላትስ?

እሑድ፣ የካቲት 7
አወጣሁት! ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ሰኞ ምስርና ሰላጣ። ማክሰኞ ዓሣ በኪያር። ረቡዕ ጎመን። የሩዝ ብርያኒ ዓርብ ብቻ፣ ትንሽ። ስኳራሙ ከረክ ሻይ ኸላስ፣ ቀረ!
የክፍላችን ልጅ ጦይባ አንብባ ሳቀች። አልጋዋ ከእኔ በላይ ነው፤ ጋርሁድ የሚባል ሰፈር ሆቴል ታጸዳለች። "ዶክተሪት! እኛንም ልታከሚን ነው?" አንገቴን ደፋሁ። ግን ደስ አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 14
ምንም አልቀነሰችም። የፋርማሲው ሚዛን ተበላሽቶ ይሆን?

ማክሰኞ፣ የካቲት 16
ገባኝ! ትሪው ነው። ሦስታችንም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ማን ምን ያህል እንደበላ ማን ያውቃል? አክስቴ ጠገብኩ ስትል ጦይባ "በሞቴ!" ትላታለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ... ጉርሻ ደግሞ ፕሮግራም አይወጣለትም።
በየሰሃናችን እንብላ ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም።

ሐሙስ፣ የካቲት 18
የጦይባ የሥራ ጓደኛ ኮሮና ተገኘባት። ጦይባ ደህና ናት፣ ግን ለጊዜው ከአልጋዋ መጋረጃ አትወጣም። ምግብ በየሰሃኑ ሆነ። አክስቴ፣ "ሆስፒታል ገባን እንዴ?" አለች።
እኔ ግን ደስ አለኝ... አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 2
ሚዛኑ ወረደ! ወረደ! አል ማምዛር ባሕር ዳር በእግር ስንሄድ አክስቴ ቀደመችኝ። አባያዋ ሰፍቷታል።

ዓርብ፣ መጋቢት 3
ጦይባ ወጣች። ትሪውም ወጣ። ብርያኒ። "ያላ፣ ናፍቃችሁኛል!" ብላ ትልቅ ጉርሻ አነሳች። አክስቴ አፏን ከፈተች።
"አይሆንም!"
ማን ነው የጮኸው? እኔ!
የጦይባ እጅ አየር ላይ ቀረ። "ሲሀም ድምፅ አላት እንዴ?"
"ጾሟን ልታስቀሪባት ነው..." አልኩ። ፊቴ ነደደ።
ጦይባ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ተነሳች። ተቀየመችኝ ስል ሦስት ሰሃን ይዛ መጣች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 30
ፈቀደችላት! ዋላሂ ሐኪሟ ፈቀደችላት! "እየለካሽ ጹሚ፤ ስኳርሽ ከወረደ ወዲያው አፍጥሪ" አለቻት። አክስቴ ሊፍት ውስጥ እንደገና አለቀሰች። እኔም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 5
የመጀመሪያው ኢፍጣር። አክስቴ ትሪውን ይዛ ስትመጣ ልቤ ድንግጥ አለ። ሳየው ሦስቱን ሰሃን ደርድራበታለች!
አዛን ተባለ። አንዳንድ ቴምር፣ ውሃ። ከዚያ ጦይባ፣ "በሞቴ፣ አንድ ብቻ!" ብላ ወደ አክስቴ አፍ እጇን ዘረጋች። እኔን በጎን እያየች። ኪያር ነበር። ሳቃችን እስከ ጎረቤት ተሰማ መሰለኝ።
አክስቴ ጎርሳ ወደ እኔ ዞረች። "የነገው ምንድን ነው? ጮክ በይ።"
ነገርኳቸው። ጮክ ብዬ።