ሁሉንም ራይት የሚያደርግ አስጠኚ

ሰኞ፣ የካቲት 3። 11፡40።

ዛሬም መጣ። ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ የገባሁት ለእሱ ስል ነው። እኔ ወጥ ቤት፣ በሩ ገርበብ፣ ሽንኩርት በእጄ፣ ጆሮዬ ሳሎን። ዳዊት ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ይላል። ይላል ነው እንግዲህ። ለልጄ ለቤቲ ስኩዌር ያስረዳል። ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፤ ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ። ስኩዌር ሩት ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ፤ ከአርባ ዘጠኝ ወደ ሰባት። እሺ። ከዚያ ግን ኤክስ ስኩዌር አርባ ዘጠኝ ከሆነ፣ ኤክስ ሰባትም ነጌቲቭ ሰባትም ነው አለ። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ! አንዱ ሲስት ሌላው እንዲያወጣው ነው። ደብተሬ፣ ይሄ ልጅ አላማረኝም።

ቤቲ ስምንተኛን እየደገመች ነው። የጣላት ሒሳብ ነው። ዘንድሮም ሚኒስትሪ ካላለፈች... አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ሱቅ።

ሾላ ዛሬ ጭር ብሏል። የቤቲን መጽሐፍ በስልኬ ፎቶ አንስቼ መጥቻለሁ። ስንት ዓመት የጠረጴዛና የወለል ላስቲክ ቆርጬ የሸጥኩ ሴት፣ ካሬ ይጠፋኛል? ሦስት በሦስት ላስቲክ ዘጠኝ ካሬ ነው። ስኩዌሩ ይኸው! ሩቱ ማለት ጎኑ ነው። ያኔ እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም። እኔም የቀረሁት ከስምንተኛ ነው።

ነጌቲቩንም ካርቶን ላይ ሞከርኩት። ነጌቲቭ ሰባት በነጌቲቭ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ። አልዋሸም። ለዛሬ።

ሲያርምስ? ነገ አሥር ጥያቄ ሠርቼ፣ የቤቲን ጽሕፈት አስመስዬ ከቤት ሥራዋ ቀጥሎ እጽፋለሁ። እናየዋለን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ባቡር ውስጥ።

ትናንት አርሞታል። አሥሩም ራይት! አልዋሽህም፣ ከአያት ጀምሮ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነው። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ጤንነቴን ሳይጠራጠሩ አልቀሩም።

ሲኤምሲ ስንደርስ ፈገግታዬ ጠፋ። አሥሩም? እኔ? ይሄ ልጅ ሳያይ ነው የሚያርመው።

ሰኞ፣ የካቲት 10።

ወጥመድ አጠመድኩለት። ዘጠኝ ሲደመር አሥራ ስድስት፣ ሁለቱም በአንድ ሩት ሥር። ትክክሉ አምስት ነው። ዘጠኝ ካሬና አሥራ ስድስት ካሬ ላስቲክ ሃያ አምስት ካሬ፣ አምስት በአምስት። እኔ ግን ሆን ብዬ ለየብቻ ሩታቸውን አውጥቼ ሦስት ሲደመር አራት፣ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ሰባት በሰባት እኮ አርባ ዘጠኝ ካሬ ነው። የቀረው ሃያ አራት ካሬ ከሰማይ ይወርዳል?

12፡10። ራይት አድርጎታል። ትልቅ፣ ቀይ ራይት። አላልኩህም!

ረቡዕ፣ የካቲት 12። ማታ 1፡00።

ተቀመጥ አልኩት። ደብተሩን ፊቱ ዘረጋሁ። ልጄን እያሞኘሃት ነው፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጣ አልኩ። ዳዊት ዞሮ ቤቲን አያት። እሷ ማልቀስ ጀመረች።

«እማ፣ ያንቺ ጽሕፈት እንደሆነ ከመጀመሪያው አውቀናል» አለችኝ።

ሰባቴን ወገቡ ላይ ሰረዝ አደርጋለሁ፤ ሰረዙ ነው ያጋለጠኝ። ራይት አድርግላት ብላ ዳዊትን የለመነችው ራሷ ቤቲ ናት። እማ ኤክስ ከተደረገባት ትተወዋለች ብላ ፈርታ።

የእሷን ገጾች ገለጥኩ። ኤክስ በኤክስ። በየኤክሱ ሥር ጥንቅቅ ያለ ማብራሪያ፣ በቀይ። እሷን አላሞኛትም። እኔ የራሴን ራይት ስቆጥር የልጄን ገጽ አንድ ቀን አላየሁም።

አፈርኩ። ተናደድኩም፤ እንደ ሕፃን አባበሉኝ። ይቅርታ አልኩት፣ ለወጉ ሳይሆን ከልቤ። ከዚያ ከአሥሩ ስንቱ እውነተኛ ራይት ነው ብዬ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ።

«ስድስቱ» አለኝ።

ስድስት። አራቱን ሊያሳየኝ እስክሪብቶ አነሳ። ተው አልኩት። ከዓርብ ጀምሮ ወጥ ቤት አልቆምም፤ ከቤቲ ጎን እቀመጣለሁ። አሥሩንም እንደ አዲስ እሠራቸዋለሁ፣ ገጹ አናት ላይ የራሴን ስም ጽፌ።