ከሽያጭ በኋላ ስለበዙት በጎች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ከርማችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎረቤታችን እትዬ ካሣነሽ እንኳ ያ የጀርባ ሕመም ለቋቸው ቤተ ክርስቲያን ስመው መጥተዋል፤ ልጃቸውም በሰላም ተገላግላለች። ደህና ያልሆነችው የእኔዋ ማስተዋል ብቻ ናት፤ የሒሳብ ፈተናዋ ተመልሶላት ስድስተኛ ክፍልን ድገሚ ከተባለች ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። እኔም እየተነሣሁ እየተቀመጥሁ ምስጋናዬን እንዲህ እጽፋለሁ።

1. ልጄ ንባብ ላይ ዝግ የምትል መሆኗን አይታችሁ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ከማንበብ ስላሳረፋችኋት አመሰግናለሁ። «ቀረ» የሚል ካያችሁ ቀንሱ፣ «ጨመረ» የሚል ካያችሁ ደምሩ ተብለው ተምረዋል። ፈተናው ደግሞ፣ ገብሬ ሁለት በግ ሸጦ ዘጠኝ ቀሩት፣ ከመሸጡ በፊት ስንት ነበሩት ይላል። ማስተዋል «ቀሩት»ን አየችና ሰባት አለች። እንግዲህ ገብሬ ሰባት በግ ነድቶ አርብ ገበያ ሄደ፣ ሁለቱን ሸጠ፣ ዘጠኝ እየነዳ ተመለሰ ማለት ነው! ከዚህ ዘር አንድ ግልገል ያስቀምጡልኝ።

2. አራት ሰዎች የአንድ ሰው ገብስ በስድስት ቀን ካጨዱ፣ ስምንት ሰዎች በስንት ቀን ያጭዱታል ለሚለውም ስድስት ብላለች። ስህተት ነው፤ ልጄ ናት ብዬ አልሸፍንላትም። ምክንያቷን ስጠይቃት ግን፣ የተጨመሩት አራቱም በጋራ ያንኑ የሚያህል ገብስ አላቸው፣ ወንፈል ከገቡ የእነሱም መታጨድ አለበት አለችኝ። ጥያቄውን ቀስ ብላ ደግማ ስታነበው፣ ስለ አንድ ማሳ ብቻ መሆኑን አይታ በራሷ ሦስት አለች። ከማስላትሽ በፊት ጥያቄውን በራስሽ አፍ ንገሪኝ የሚላት አልነበረም፤ ለቆጠባችሁት ጊዜ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

3. ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ያው ትምህርት፣ በዚያው መንገድ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢደገምላት ምን ሊጨምርላት ነው? እባክዎ እንደገና ይፈትኗት፤ ጥያቄውን መጀመሪያ አንብባ ትተርከው፣ ከዚያ ታስላው። የምለምነው ይህንኑ ነው።

ለልጆቻችን ብለው እንቅልፍ ስለማያጡ ጤናዎ እንዲሁ እንደተጠበቀ እንዲሰነብት ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ ዘርፌ አድማሱ፣ የማስተዋል እናት
ከእስቴ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ክፍል ከደገመች ምን ትጠብቃለች፣ ማስተዋልን ለልጃችን ስጡን አሉ። ልጄ ትማራለች ብዬ ሸኘኋቸው፤ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ሄዱ። በአንድ ነገር ግን ይበልጡዎታል፤ የመጡበት ጥያቄ በደንብ እስኪገባኝ ድረስ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው አስረድተውኛል።