አንቀልባው ስለተቆረጠበት የጠፈር ልብስ

ለተከበሩ ጓድ ዳኛቸው፣
የቀበሌያችን የባህልና ኪነት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ቀራንዮ

ግልባጭ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይህን ለሚያነብ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ አብዮታዊ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ፣ የሌሊት እንቅልፍዎም በስብሰባ ላይ እንደምናየው የሰመረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በማስገባት ፈንታ እዚህ የለጠፍኩት፣ ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች «በጥናት ላይ ናቸው» ስለተባልኩና ሌላ ጨምሬ ጥናቱን ማወክ ስላልፈለግሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት የማስተምር ወጣት ነኝ። ባለፈው ክረምት ለኪነት ቡድናችን አንድ ቴአትር ጻፍኩ። በጠፈር ጣቢያ ላይ እሳት ይነሣል፤ አንዲት ጠፈርተኛ «ደራሽ» የሚባል የአደጋ ጊዜ ልብስ ለብሳ ጭሱ ውስጥ ትገባለች። ልብሱ በየመገጣጠሚያው ሞተር አለው፤ ክንዷ ሲዝል የሚያነሣላት፣ ጉልበቷ ሲከዳት የሚያራምዳት ሞተሩ ነው። እሳትም ብርድም አይበሳውም። ጀርባው ላይ ደግሞ አንቀልባ አለ፤ ራሱን የሳተ ጓደኛዋን አዝላ ትወጣለች፤ ካንገቷ ሥር የሚነሣ ሁለተኛ ቱቦም ለታዘለው አየር ይሰጠዋል። ለባሹን ብቻ የሚያድን ልብስ ለመሸሽ እንጂ ለመድረስ አይሆንም ብዬ ስለማምን እንዲህ አሰብኩት።

ለመድረኩ የሚሆነውን ልብስም በእጄ ሠራሁት፤ ከማዳበሪያ ከረጢት፣ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከብስክሌት ሰንሰለትና ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ። አንቀልባው እናቴ እኔን ያዘለችበት ነው። በቀበሌው አዳራሽ ስንለማመድ ጓደኛዬን እሙን አዝዬ ከጭሱ ስወጣ፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች «አጥብቀሽ እሰሪያት እንጂ፣ ልትጥያት ነው እኮ!» ብለው ጮኹ፤ እማማ ወለተጻድቅማ መድረኩ ላይ ወጥተው «ዞር በይ የኔ ልጅ» እያሉ ማሰሪያውን ራሳቸው አጠበቁልኝ። ጠፈር ለዚህ ሰፈር ሰው ያን ያህል ቀርቦ አያውቅም።

ይህን የተመለከተው ኮሚቴዎ ልብሱ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን በአንድ ድምፅ ወስኖ በማግሥቱ ወሰደው። ስለዚህና ስለሚከተሉት ውለታዎች ምስጋናዬን ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

አንደኛ፣ «ሴት ጠፈርተኛ ተመልካቹን ታደናግራለች» በማለት የእኔን ቦታ ለወንድምዎ ልጅ ለጓድ አምሐ ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። ከሶቪየት ኅብረት ሴት ወደ ጠፈር የወጣችው እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው። በሞስኮ ያሉት ጓዶች ይህን ከባድ ስሕተት የፈጸሙት እርስዎን ባለማማከራቸው ስለሆነ፣ ዘግይቶም ቢሆን ቢጽፉላቸው መልካም ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ አንቀልባውን «የኋላ ቀርነት ምልክት ነው» ብለው ስላስቆረጡት። እርስዎ ራስዎ በምን ታዝለው እንዳደጉ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። በቦታው መፈክር ተሰፍቷል፤ ሁለተኛው ቱቦ «ጌጥ» ተብሎ ተነቅሏል፤ ቁስለኛ እንዲያነሣ የተሠራው እጅም የእንጨት ጠመንጃ ይዟል። እሳት በጥይት እንዴት እንደሚጠፋ ስጠይቅዎ «ጠፈር ላይ ጠላት የለም ማለት የመደብ ትግልን መካድ ነው» ብለው ስላስተማሩኝ ትምህርቱን ይዣለሁ። በአዲሱ መጨረሻ ጠፈርተኛው ቁስለኛውን ወለሉ ላይ ትቶ፣ የጣቢያውን በር ከፍቶ፣ ለጨረቃ የአቋም መግለጫ ያነባል። አየር በሌለበት ድምፅ እንደማይሄድ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ብንማርም፣ መግለጫውን የሚሰማው ሰው አለመኖሩ ከአዳራሻችን ስብሰባዎች ብዙም ስለማይለየው ተቃውሞ የለኝም።

ሦስተኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እንቢ አለኝ። በልብሱ አንገት ውስጥ ስሜን ጽፌ በመገኘቴ፣ የማስተምራቸው ሰዎች ፊት አቁመው «ግለኛ ነኝ» ብዬ ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዙኝ። ፊደል ያስቆጠርኳቸው፣ ስማቸውን በገዛ እጃቸው መጻፍ የጀመሩት እናቶች፣ ስሜን በመጻፌ ስወቀስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ ግን «ግለኛ ነኝ» አላልኩም። ዛሬም አልልም። ስሜ በቀለም ተሰርዞ በሳምንቱ የአምሐ ስም ተጻፈበት፤ የእሱ ግለኝነት እስካሁን አልተገመገመም።

የፊታችን እሑድ ቀበሌዎች ሁሉ በሚገናኙበት በከፍተኛው አዳራሽ የኪነት ውድድር አለ። የሚያሸንፈውን ሥራ የፈጠረው ሰው ለቴክኒክ ትምህርት ወደ ወዳጅ አገር ይላካል። በየግድግዳው በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ፈጣሪው አምሐ ነው። ዕድሉን አልፈልገውም ብዬ አልዋሽም፤ እፈልገዋለሁ። ሞተሩን በቆርቆሮ አስመስዬ የሠራሁት እውነተኛውን መሥራት ስላልተማርኩ ነው፤ መማር እፈልጋለሁ። አምሐ ግን ብስክሌቱ ሰንሰለት ሲጥል እንኳ እየገፋ ወደ እኔ የሚያመጣ ልጅ ነው። ስለዚህ ስሜን መልሱ፤ አንቀልባውንም መልሱ። በአዘኔታ የሚሰጥ ዕድል አልለመንኩም፤ የሠራሁትን ነው የምጠይቀው።

ይህን ደብዳቤ ማን እንደለጠፈው በመፈለግ ጓዶች እንዳይደክሙ፣ ቤታችን ከመድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። አባቴ ቀን ቀን አይኖርም፤ እኔ አለሁ።

የኮሚቴዎ ጥበብ በየጊዜው እየቀነሰ ቢሄድም፣ ከዚህ በታች የሚቀንስበት ስፍራ እንደሌለ በማሰብ እየተጽናናሁ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ሸዋገነት በየነ
የ«ደራሽ» ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ ጓድ አምሐ እስካሁን የራስ ቁሩን ብቻ አጥልቆ ፎቶግራፍ ስለተነሣ አያውቅ ይሆናልና ልንገርዎ። «ደራሽ» የሚከፈተው ከጀርባ ነው፤ የለባሹ እጅ አይደርስበትም። አደጋ ላይ ያለ ሰው ደንግጦ በራሱ ላይ እንዳይከፍተው፣ ሌላ ሰው እንዲፈታለት ብዬ አውቄ ነው እንዲህ የሠራሁት። መቆለፊያዎቹ በተራቸው ካልተፈቱ ሰንሰለቱ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ተራውን የምናውቀው እኔና እሙ ብቻ ነን። እሑድ ልጁ ውስጡ ከገባ በኋላ በመቀስ ቀድደው ሊያወጡት ይችላሉ፤ ዳኞቹ የሚያዩት ልብስ ግን አይኖርም። ያለዚያ ድምፅ ማጉያውን ይያዙና፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ የሠራችው ትምጣ ብለው ስሜን ከነአባቴ ይጥሩ። እኔና እሙ ፊተኛው ወንበር ላይ ነን፤ ከተጠራን ለመድረስ አንቆይም።