በኩሬው ዳር የእማማን ስም የተጠየቅኩ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፣

«እዚህ ሰፈር ውስጥ አንድም ክፉ ነገር ደርሶ አያውቅም» ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፤ የቤት ደላላው። ከጎናችን ያለውን ቤት ለአንድ ባልና ሚስት እያስጎበኘ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ቅጠል እየጠረግኩ። ባልና ሚስቱ ደስ አላቸው። እኔ የሰማሁትን የማምን ሰው መሆኔን ታውቂያለሽና አመንኩት፤ ካመንኩት ቀን ጀምሮ ግን መንገድ ላይ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው። ክፉ ነገር ደርሶበት በማያውቅ ሰፈር አንድ ቀን አንድ ነገር ቢደርስ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው አዲሱን ሰው ነው። አዲሱ ሰው እኔ ነኝ።

ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ በመጀመሬ ይቅር በይኝ፤ የፈራ ሰው ሥርዓት ይጠፋበታል። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አካፍለሽ ጨረስሽው? የስፌት መኪናሽ ፔዳሉ ጠንክሮብኛል ብለሽ ነበር፤ ዘይት ቀመሰልሽ? የባለቤትሽ ደም ግፊት ወረደ ወይስ አሁንም ኳስ ባየ ቁጥር ይወጣል? አክስታችንስ ጆሯቸው እንዴት ነው? የማይሰሙት መስማት የማይፈልጉትን ብቻ ነው ወይስ አሁን እውነት ጠናባቸው? እኔ ተመስገን አለሁ። አለሁ ስል መኖሬን ነው የምልሽ፤ ደህና መሆኔን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስለምታውቂው ነው።

የምትኖርበት ሰፈር ምን ይመስላል ብለሽኝ ነበር። ቤቶቹ ከአያታችን አያት በዕድሜ ይበልጣሉ፤ አከባበራቸውም እንደዚያው ነው። የበር ቀለም ለመቀየር ኮሚቴ ይሰበሰባል። በቀደም ጎረቤታችን ያለው ጥርስ ሐኪም የመስኮቱን ክፈፍ ነጭ ቢቀባ «ትክክለኛው ነጭ አይደለም» ብለው አስፋቁት። ከላይ በኩል ትልቁ ፓርክ፣ ከታች በኩል ኩሬ ያለው ትንሹ ፓርክ አለ፤ እኛ መካከል ላይ ነን። ዛፉ ሁሉ ቁጥር ያለው ትንሽ ቆርቆሮ ተቸንክሮበታል፤ ተመዝግቧል ማለት ነው። የእኔ ምዝገባ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ፣ ምነው ዛፍ ሆኜ በተፈጠርኩ ያልኩበት ቀን አለ። ውሾቹ ካፖርት ይለብሳሉ። አንቺ ብታዪ አንዱን ውሻ አቁመሽ ስፌቱን ገልብጠሽ ሳትመረምሪ አታልፊም ነበር።

በየመንገዱ መግቢያ ላይ ትልቅ ዓይን የተሳለበት የብረት ሰሌዳ ቆሟል፤ «ጎረቤት ነቅቶ ያያል» ይላል። እኛ ዘንድ የሰው ዓይን ይፈራል፣ ይሸሻል፣ «ዓይን አይብላህ» ይባልበታል እንጂ በአደባባይ አይሰቀልም። እነሱ ራሳቸው አውጀውታል። ዓይን ካነሳሁ ደግሞ ከፊት ለፊታችን የምትኖር አንዲት ሴትዮ አለች። መጋረጃዋ ሳይንቀሳቀስ የወጣሁበት፣ ሳይንቀሳቀስ የገባሁበት ቀን የለም። ስሟን ስለማላውቅ ወይዘሮ መጋረጃ ብያታለሁ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አብልጬ የምፈራው እሷን ነበር።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ እንከባከባለሁ። እሳቸው ፎቅ ላይ፣ እኔ ምድር ቤት ነን። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ሾርባቸውን እሠራለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን ይዤ ኩሬውን እንዞራለን። ልጃቸው ሌላ ከተማ ናት፤ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ደመወዜንም የምትልከው እሷ ናት። የመኖሪያ ፈቃዴ የታሰረው ከዚህ ሥራ ጋር ስለሆነ፣ እማማ ከቤታቸው እስካልወጡ እኔም አልወጣም። እሳቸው ከወጡ ግን የእኔ ነገር አለቀ ማለት ነው።

እማማ የምላቸው እኔ ነኝ። እዚህ ትልቁንም ትንሹንም በስሙ ነው የሚጠሩት፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ሴት የፖስታ አመላላሹ ልጅ እንደ እኩያው በስማቸው ጠርቶ «እንደምን አደርሽ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም አይቆጡም። እኔ አልቻልኩም። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ጥፋቱ የአንቺ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን በእኛው ቋንቋ «እማማ» አልኳቸው። ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና የተማሪ መልስ እንደሚያርም ሰው «ልክ ነው» አሉ። በዚያው ቀረ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እማማ መርሳት አመጡ። መነጽራቸው ከስኳር ዕቃው ውስጥ ይገኛል፤ ስኳሩ የት እንደሚሄድ እስካሁን አልደረስኩበትም። አንድ ቀን ጠዋት «ቧንቧውን ጠግነህ ጨረስክ?» አሉኝ። «ጨርሻለሁ» አልኳቸው። ቧንቧውን ማንም አልነካውም፣ ግን ስለማያፈስ ውሸት አልመሰለኝም። በሌላ ቀን የባንክ ሠራተኛ አደረጉኝ፤ ሹመት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ወደ እኔነቴ ይመልሱኝ ስለነበር፣ ያልፋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን መጣ፣ የፈራሁት።

ኩሬው ዳር ቆመን ዳክዬዎቹን እያየን ነበር። እማማ ወደ እጄ አዩ፣ ከእጄ ወደ ፊቴ አዩ። ከዚያ ክንዳቸውን መንጭቀው «አንተ ማነህ? ምን ትፈልጋለህ? ልቀቀኝ!» ብለው ጮኹ። አስተማሪ የነበረ ሰው ድምፁ ጡረታ አይወጣም፤ ዳክዬዎቹ እንኳ ዞሩ። እኔም ደንግጬ ለቀቅኳቸው። ስለቃቸው ወደ ውኃው ተንገዳገዱ፣ መልሼ ያዝኳቸው። እንግዲህ አንቺው ፍረጂ፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው፣ አንዲት አሮጊት ልቀቀኝ እያሉ ሲጮኹ አልለቅም ያለ ጎልማሳ ነው የሚታየው።

አንድ የሚሮጥ ሰው መሮጡን አቆመ። እዚህ የሚሮጥ ሰው ከቆመ ነገሩ ከባድ ነው። ሁለት ውሻ የያዘች ሴት ከነውሾቿ ቀረበች። ልጁን በጋሪ የሚገፋ አባት ጋሪውን ከኋላው አደረገና ስልኩን አወጣ። ባለ ውሾቿ «ያስቸግርዎታል እንዴ ሰውየው?» አለቻቸው። እማማ «አላውቀውም» አሉ። ሯጩ «እጅህን ከእሳቸው ላይ አንሣ፣ ወንድሜ» አለኝ፤ ወንድሜ ያለው ግን ወንድም ስለሆንኩ አልነበረም። «ቢወድቁስ?» አልኩት። «እኔ እይዛቸዋለሁ» ብሎ በላብ የራሰ እጁን ዘረጋላቸው። እማማ ገረፍ አድርገው አዩትና «አንተ ደግሞ መጀመሪያ ታጠብ» አሉት። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የፓርኩ ጥበቃ መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ሴትዮዋን ያውቋቸዋል ወይ አለኝ፤ አዎን አልኩ። ምንዎ ናቸው አለኝ፤ የምረዳቸው ነኝ አልኩ። መታወቂያ ጠየቀኝ፤ መታወቂያዬ ሌላኛው ካፖርቴ ውስጥ ነበር። «ይሁን፣ ስማቸው ማነው ታዲያ?» አለ።

እታለም፣ ስማቸውን አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ የመድኃኒት ጠርሙሳቸው ላይ አነበዋለሁ። በአፌ ግን ወጥቶ አያውቅም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰና እንደ ደነበረ በቅሎ ቀጥ አለ። እሳቸው ፊት ለፊቴ ቆመዋል፤ ሽበታቸውን ነፋስ በትኖታል፣ በዓይናቸው ውስጥ የእኔኑ ዓይነት ፍርሃት አለ። በዚያ ፊት ላይ ስማቸውን ባዶውን ልወርውረው? ዋጥኩት። «እማማ» አልኩ። ጥበቃው «ይሄ ስም ነው?» አለ። ሯጩ ባለ ውሾቿን አያት፣ እሷም አየችው። ሰው ሲፈረድበት እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም።

ጥበቃው ሬዲዮኑን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ ወሬዬን ከማን አፍ ትሰሚው ይሆን ብዬ አሰብኩ። በልብወለድ መጻሕፍት ውስጥ ንጹሕ ሰው ሲከሰስ ረዥም ንግግር ያደርጋል፤ ስንቱን አንብቤ በአድናቆት አልቅሻለሁ። የእኔ ንግግር «ሾርባቸው ላይ ካሮት ይወዳሉ» የሚል ብቻ ሆነ። እውነት ነው፣ መከላከያ ግን አይሆንም።

በዚህ መካከል ወይዘሮ መጋረጃ ዳቦዋን በብብቷ ሸጉጣ ከች አለች። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ሰዉን በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ «ምንድነው ግርግሩ? ተዋቸው እንጂ!» አለች። «የፊት ለፊት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በየጠዋቱ ሲወጡ አያቸዋለሁ። እሱ አጋዣቸው ነው። ዝናብ ሲዘንብ ዣንጥላውን ለእሳቸው ብቻ ይይዝና ራሱ ይበሰብሳል። ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።» ጥበቃው ስማቸውን እሷንም ጠየቃት። አፍታ ሳታመነታ ሙሉ ስም ከነቤተሰብ ስሙ ጠራችለት። ሬዲዮኑን ወገቡ ላይ ሰካና ይቅርታ ጠየቀኝ።

የተጠራው ስም የእማማ አልነበረም። በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ታሪካዊ የተባለ ቤት ሁሉ አለው። አንዲት ሠዓሊ በዚህ ቤት ኖራ በዚሁ ቤት ማረፏን ይናገራል። ካረፈች መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። ወይዘሮ መጋረጃ በበራችን ባለፈች ቁጥር ስታነበው የኖረችውን የሟች ስም ነው የሰጠችው። ይኸውልሽ፣ ስሙን የማውቀው እኔ መጥራት አቅቶኝ ልታሰር ስል፣ ስሙን የማታውቀው ሴት የሙት ስም ጠርታ አዳነችኝ። እማማም ስሙን ሲሰሙ ለጥበቃው በትሕትና እጃቸውን ዘርግተው «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» አሉት። ላርም አልሞከርኩም። የሰመጠ ሰው የወረወሩለትን ገመድ አይመርጥም።

እቤት ገብተን ሾርባውን ሳቀርብላቸው «ልጄ፣ ካፖርትህን ለምን አላወለቅክም?» አሉኝ። በርዶኝ ነው አልኳቸው። ተነሥተው የራሳቸውን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ከጩኸቱ ይልቅ ይሄ ነው ያስለቀሰኝ።

የዚያኑ ዕለት ለልጃቸው ደወልኩ። ሁለት ልብ ሆኜ ነበር፤ ብነግራት እናቷን አረጋውያን ማደሪያ ታስገባለች፣ እኔም ከነሻንጣዬ መንገድ ላይ ነኝ። ባልነግራት ደግሞ ወይዘሮ መጋረጃ ዳቦ የማትገዛበት ቀን ይመጣል። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ነሐሱ ሰሌዳ ስነግራት ሳቀች፣ ከሳቋ መሀል ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ቁርጡን ነገረችኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። «እናቴ ስሟን እስካወቀች ድረስ ከቤቷ አላወጣትም» አለች። «ሲጠሯት ማን እንደተጠራ ካልገባት ግን እዚያ ላኖራት አልችልም፤ ላንተም አደጋ ነው። እስክመጣ ድረስ እባክህ በስሟ ጥራት፣ እንዳይጠፋት።» እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

እስከዚያው መታወቂያዬን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምወጣው፤ ሯጩ ሲያልፍ ቀስ ብሎ ያነበዋል። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ የእማማን ስም ለመጥረጊያው እጠራለሁ፣ ለመለማመድ። መጥረጊያው አልተቀየመኝም። ለእሳቸው ግን ገና አፌ አልተፈታም። ይህን ስታነቢ ወንድሜ ባለገ እንዳትይ፤ የምባልገው እሳቸውም ከቤታቸው እኔም ከጥጌ እንዳንነቀል ብዬ ነው። አንቺ ብቻ በጸሎትሽ አስቢን።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ ኳሱን ድምፁን አጥፍቶ ይይ። ለአክስታችን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ የፓርኩን ግን ዝለይው። ለትልቋ ልጅሽ የፈተና መልካም ዕድል፤ ሒሳብ ከከበዳት የሚያርምላት ሰው እዚህ አለኝ። ለትንሹ፣ ዳክዬ እንደማይናከስ አጎትህ አረጋገጠ በይው። ፊት ለፊታችሁ ላሉት ጎረቤቶችም በየስማቸው፣ አንተና አንቺ ሳይሆን እርስዎ እያልሽ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የምትሳሺለት ወንድምሽ
በሁለቱ ፓርኮች መካከል፣ ከምድር ቤቱ ክፍል
ኅዳር 12 ቀን

ፖስታውን ሳላሽገው ስላደረ ይህን ልጨምርልሽ። ዛሬ ቁርስ ላይ ድፍረት አግኝቼ የእማማን ስም ጠራሁ፣ ጥርት አድርጌ። ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀቡ ነበር፤ ቀና አላሉም። ተቀየሙኝ ብዬ ደነገጥኩና ቆይቼ ደግሜ ጠራሁ። መቀባታቸውን ቀጠሉ። «እማማ» ስል ዞሩ።