ስለ ሂርሲ ወገብና ስለ መፈክሩ ርዝመት

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዘገዬ ማዘንጊያ፣
የቀበሌያችን ስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የነሐሴ ሙቀት እንዳይጎዳዎ፣ ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ በተለይም ወገብዎ እንዲጸና ከልብ እመኛለሁ። ወገብን ለይቼ የጠቀስኩበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ከስኳሩ ማስታወቂያ አጠገብ የለጠፍኩት ለድፍረት አይደለም። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ እርስዎ ራስዎ ሂስ ያለው ሁሉ በጽሑፍ ያቅርብ ብለው ስላዘዙ ነው። ሰው ደግሞ በሰፈራችን ቆሞ የሚያነበው የስኳሩን ማስታወቂያ ብቻ ስለሆነ፣ ሂሴ ያለ አንባቢ እንዳይቀር ብዬ ነው።

እኔ ወልደጻድቅ ሣህሉ፣ ዕድሜዬን በምድር ባቡር ጋራዥ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ሥራዬ ሆነ። ተቀምጬ ተቀምጬ አንድ ቀን የውሃ ጀሪካን ከመሬት ማንሣት አቃተኝ። ለገሃር ላይ የመንገደኛ ሻንጣና ጆንያ ተሸክሞ ያረጀው ጓደኛዬ ሂርሲ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነበር። መስጊድ ገብቶ ግንባሩን መሬት ካስነካ በኋላ ሰው ብብቱን ይዞ ካላነሣው መነሣት ተስኖት፣ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ጀምሮ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። ተያይዘን ሐኪም ቤት ብንሄድ፣ ሐኪሙ በሽታ የለባችሁም፣ ጡንቻችሁ ሥራ ፈትቶ ነው፣ ቀስ እያላችሁ ክብደት ማንሣት ልመዱ አለን።

ቀስ እያልን ለመድን። የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞላን፣ ሁለት ሁለቱን በውሃ ቧንቧ ቁራጭ አገናኘን፣ ጉልበቷን የሚያማት የመጋላ ገበያዋ ሽንኩርት ቸርቻሪ ወይዘሮ ቀመሪያም ተጨመረችልን። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ግቢዬ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እንገናኝ ነበር። መጀመሪያ ሰውነት እስኪሞቅ ግቢውን እንዞራለን፤ ቀጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጠን በእጃችን ሳንደገፍ እንነሣለን፤ ብረት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጉልበት ይታጠፋል እንጂ ወገብ አይጎብጥም፤ ብረቱ ወደ ደረት ይጠጋል፤ ሲነሣ ትንፋሽ ይወጣል እንጂ አይታፈንም፤ አንድ ቀን ሠርተን በማግስቱ እናርፋለን፤ ሕመም የወጋው ሰው ብረቱን ያስቀምጣል፣ ለምን አስቀመጥክ የሚለውም የለም። እንዲህ ከርመን አንድ ዓርብ ሂርሲ ከመስጊድ ቀጥታ እኔ ቤት መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ በሶማሊኛ አጠራሩ፣ "ወሪያ ወልደጻድቅ፣ ብቻዬን ተነሣሁ" አለኝ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

ያን ሰሞን ነው እርስዎ በግቢያችን በኩል ሲያልፉ አይተውን እጅግ የተደሰቱት። መከራችን የጀመረው ከደስታዎ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ/ ሽማግሌዎችን ስላስታወሱ አመሰግናለሁ። ለአብዮት በዓል ከጎረቤት ቀበሌ ጋር የአረጋውያን ብረት ማንሣት ሶሻሊስታዊ ውድድር እንድንገጥም ሲወሰን፣ የሚያነሡት አረጋውያን ስብሰባው ላይ ባለመጠራታቸው ብዙ ጊዜ ተቆጥቧል። ጣሳዎቼ የሕዝብ ንብረት መሆናቸውንም ያወቅሁት በጋሪ ተጭነው ከግቢዬ ሲወጡ ነው። ቀይ ቀለም ስላስቀባችኋቸው ልዩ ምስጋና ይድረስዎ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ስለታደለን የቀመሪያ መዳፍ እስከ ዛሬ አብዮታዊ እንደሆነ አለ።

2ኛ/ ለዕቅዱ አመሰግናለሁ። በየሳምንቱ ክብደት በክብደት ላይ እንዲጨመር፣ ከዕቅድ በላይ ያነሣም እንዲጨበጨብለት ያወጣችሁት ዕቅድ ለማሽላ ምርት ቢሆን ግሩም ነበር። የሽማግሌ ክንድ ግን በትእዛዝ አይጨምርም። ሲፈልግ ወራት ባለበት ይቆማል፣ ጉንፋን ሲይዘው ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ብረቱን መቀነስ ነው እንጂ መጨመር የለም። ይህን ኮሚቴዎ ለመደበልን አሠልጣኝ ጓድ ባስረዳቸው ወደ ኋላ መመለስ የአድኃሪያን ጠባይ መሆኑን አስተማሩኝ። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ሲይዘኝ ለማንም አልናገርም።

3ኛ/ የልምምዱ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። ድሬዳዋ በስምንት ሰዓት ምን እንደምትመስል ለእርስዎ መንገር አይገባኝም፤ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ጫቱን ይዞ በየበርጫው ጋደም ብሎ፣ ፍየሉ እንኳ የግንብ ጥላ ይዞ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት የተመረጠው የምንለማመድበት የቀበሌው ሜዳ ባዶ ስለሚሆን ነው ተባልን። ለምን ባዶ እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም። ውሃ ለመጠጣት መውጣትም ሰልፍ ያበላሻል ተብሎ ቀረ።

4ኛ/ አሁን ወደ መፈክሩ ልምጣ። ብረት ያነሣ ሰው ከራሱ በላይ አድርጎ፣ መፈክሩ እስኪያልቅ ይዞ እንዲቆይ ኮሚቴዎ ወስኗል። ከሩቅ ለሚያይ ያምራል። በሐምሌ የመጨረሻው ቅዳሜ የሂርሲ ተራ ሲደርስ ከለመደው እጥፍ የሚሆን ብረት ተሰጠው። ይህ ይበዛበታል ብዬ ከሰልፌ ብናገር ዲሲፕሊን እንዳከብር ተነገረኝ። ሂርሲ አነሣ። መፈክር አሰሚው ጓድ ጀመሩ፤ ኢምፔሪያሊዝም ወደመ፣ ቢሮክራሲ ወደመ፣ ምርት አደገ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጠፋባቸውና ይቅርታ ጓዶች ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኛም ግራ እጃችንን እያነሣን ኢምፔሪያሊዝምን እንደገና አወደምን። ሂርሲ ብረቱን እንደያዘ ነበር። እሱ እርስዎን ያያል፣ እርስዎ የዕቅዱን ወረቀት ያያሉ። ለገሃር ላይ ያን ሁሉ ዘመን የሰው ዕቃ ጥሎ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ብረቱን አልጣለውም። መሬት ሊያስቀምጠው ሲያጎነብስ ግን እንደጎበጠ ቀረ። መፈክሩ በሰላም አለቀ።

5ኛ/ ለበላይ አካል በተላከው ሪፖርት የቀበሌያችን አረጋውያን ከዕቅድ በላይ ማንሣታቸው መገለጹን እሑድ ዕለት ሰምተን አጨብጭበናል። ሂርሲ አላጨበጨበም፤ ቤቱ ሰሌን ላይ ተኝቷል። መስጊድ መሄድ ቀርቶ ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻለም፤ የሚሰግደው ተኝቶ፣ በዓይኑ ብቻ ነው። ሚስቱ በድሪያ ልታገላብጠው ስትመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ ይድናል፣ ሲድን እንደ አዲስ ከባዶ ይጀምራል ብሎናል። ይህን ሳይ የሚሰማኝን የምጽፍበት የትሕትና ቃል ፈልጌ አጣሁ። አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁም። በዚህ ላይ ኮሚቴዎ፣ ስሙ በበዓሉ ፕሮግራም ላይ ስለሰፈረ መስከረም ሁለት ቀን ሜዳ ተገኝቶ እንዲያነሣ፣ ካልተገኘም የስኳር ካርዱ እንደሚታገድ በበድሪያ በኩል መልእክት ልኮበታል። እርስዎ መልእክቱን አልሰሙም ይሆናል ብዬ ለማመን ብዙ ሞክሬአለሁ።

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። የሂርሲን ስም ከፕሮግራሙ ያውጡልኝ። ሲሻለው የሚጀምርባቸውን ቀለል ያሉትን ጣሳዎች ይመልሱልን፤ ቀዩን ቀለም እንደያዙ ቢሆን አንከፋም። የአንድ ሰው ስኳር መታገዱ ለበዓሉ ድምቀት ግድ ከሆነም የእኔ ይታገድ፤ እኔ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት እለምዳለሁ።

የእኔንም ቦታ ለሌላ ሰው እንዲሰጡ በአክብሮት አሳስባለሁ። መስከረም ሁለት ቀን ሜዳው ላይ አልገኝም፤ ሂርሲ ቤት ነኝ። ያን ዕለት እሱ ሁለት እጁን አንገቴ ላይ ያደርጋል፣ እኔም ወደ ደረቴ አስጠግቼው፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ትንፋሼን እያወጣሁ ከሰሌኑ ቀና አደርገዋለሁ። ለበዓሉ ማንሣት የምችለው ይህን ብቻ ነው። ሲደክመውም መልሼ አስተኛዋለሁ።

ይህን ሁሉ ቆመው በማንበብ የደከሙ እግሮችዎን እያመሰገንኩ፣ በዕድሜዬ ከቀረኝ ትዕግሥት ጋር፣ ጉልበቴን አጥፌ ወገቤን ግን ሳላጎብጥ እጅ የምነሣዎ፣

ወልደጻድቅ ሣህሉ
(ከኒሙ ዛፍ ቤት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ብረቶቹ ወደ መጋዘን ሲገቡ ትልቁን እርስዎ ለጓዶች አርአያ ለመሆን ጉልበትዎን ሳያጥፉ፣ ትንፋሽዎን ይዘው ብቻዎን ብድግ እንዳደረጉትና ከዚያን ቀን ወዲህ በአንድ ጎንዎ እንደሚቀመጡ ቀመሪያ አይታ ነግራኛለች። የበዓሉን የመጀመሪያ ብረት በክብር እንዲያነሡ ተይዞ የነበረው ስምዎም በሕመም ምክንያት ከፕሮግራሙ መውጣቱን ሰምተናል፤ ስም ከፕሮግራም መውጣት የሚችል ነገር መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሲሻልዎ ማለዳ ከኒሙ ሥር ይምጡ። የሞሉትን ጣሳዎች ኮሚቴዎ ስለወሰዳቸው የቀረን አንድ ባዶ ጣሳ ነው፤ ለእርስዎ መጀመሪያ የሚሆነውም እሱ ነው። በፈለጉት ጊዜ ያስቀምጡታል፤ መፈክር የሚያሰማብዎት የለም።