ኪስህ የገባችው የመጨረሻ ገጽ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ የእናቴ ልጅ ጁነይድ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ክረምት በገባ ቁጥር ያስቸግርህ የነበረው ጆሮህ ጂዳ ላይ ተሻለህ ወይስ አሁንም ያምሃል? ሙቀቱን ቻልከው? በደንብ ትበላለህ? ትሰግዳለህ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ እሱ አንዱ ግን ይበቃል።

አትደንግጥ፣ መርዶ አይደለም። መርዶውን ባለፈው ነግሬሃለሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አባባ አልጋ ላይ ሳሉ ጻፍኩልህ፣ ሁለተኛውን ከቀበርናቸው በኋላ። ሁለቱም እጅህ ገብተዋል፤ ያደረሱልህ ሰዎች ምለው ነግረውኛል። አንተ ግን ዝም። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ዝም የሚለኝን ሰው አልወድም፤ ይኸው ይህን ለዑምራ በሚሄድ የውርጌሳ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ስምህን ስጠራለት ባለፈው ስሄድ ጂዳ አግኝቼዋለሁ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አይስቅም አለኝ። አንተ! ሰፈሩን ሁሉ በሳቅ ትገድል የነበርክ ልጅ!

አሁን ወሬውን ስማ። ከሁለት ወር በፊት ሰላም የምትባል ልጅ ከወልድያ መጣች፤ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ታስተምራለች። ከመናኸሪያ ወርዳ የአቶ አብዱሰመድ ቤት የት ነው ብትል፣ የሰፈር ልጆች የጂኑ ጋሼ ቤት ነው ብለው አምጥተው በር ላይ ጥለዋት ሮጡ። እስካሁን እኮ በራችን ላይ ደፍሮ የሚጫወት ልጅ የለም! እምዬ የቀበሌ ሰው መስላት ደንግጣ ነበር። ልጅቱ ከቦርሳዋ በርበሬ የነካው አንድ የደብተር ወረቀት አወጣች። የአባባ እጅ ጽሑፍ! አክስቷ ቤት ሳጥን ውስጥ አግኝታው፣ የማን እንደሆነ አክስቷ ነግራት ነው። እምዬ ወረቀቱን አሽትታ አለቀሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

ያንን አንተ የሄድክበትን ቀን ሳናነሳው አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። እኔ ላንሳው እንግዲህ። አባባ ግራና ከተማ መምህር ሳሉ ባወሩት የጂን ታሪክ የተነሳ ተማሪዎቹ ሽንት ቤት ብቻችንን አንሄድም አሉ፤ ወላጅ ሁሉ ሆ ብሎ መጣ። ሥራቸውን ለቀው መርሳ ላይ ማንጎና ሽንኩርት መዛኝ ሆኑ። ሰው ጂን አለባቸው አለ። ሸህ ዘንድ ወስደው ጂኑ እንዲወጣ ቁርአን አስቀሩባቸው፤ እሳቸው ግን ተመልሰው ሸሁን ራሳቸውን ታሪኩ ውስጥ አስገቧቸው። መጻፉን አልተዉም። ሚዛኑ ሥር ተቀምጠው፣ ጆንያ ላይ ደብተር ዘርግተው ሠላሳ ዓመት ጻፉ። አንድም ሰው አላሳተመላቸውም። አንተ ደግሞ የጂን ልጅ እየተባልክ አደግክ፤ ተደባድበህ ስትመጣ ስንት ጊዜ የአፍንጫህን ደም በነጠላዬ ጠርጌልሃለሁ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይሉ የለ? በሄድክ ጠዋት «ሦስተኛው ጥሪ» ያሏትን ታሪክ የጻፉባቸውን ስድስት ደብተሮች ይዘህ ለጋሽ አለሙ ሱቅ ለመጠቅለያ ሰጠህ። ከዚያ ሰላም ሳትለን ሄድክ።

አባባ አልተቆጡም ብዬ አልዋሽህም። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ አታውቅም። በርበሬ የገዛ፣ ስኳር የገዛ፣ ሁሉም አንድ አንድ ገጽ ይዞ ቤቱ መግባት ጀመረ። ጎረቤታችን የሻረግ አንዷን ገጽ ብታነባት፣ ልጅየው የሞተች እናቱ ከማንጎው ዛፍ ውስጥ ስትጣራ የሚሰማበት ቦታ ላይ ታሪኩ ተቆረጠባት። ስኳር ሳያልቅባት ስኳር ልትገዛ ተመልሳ ሄደች! ለቅሶ ቤት ሳይቀር የአንቺ ገጽ ምን ይላል መባባል መጣ። አባባ እዚያ ታሪክ ላይ ጂን የሰው ድምፅ ይሰርቃል፣ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ መጣራት አይችልም፣ ሦስተኛውን የሚጠራ የራስ ሰው ብቻ ነው ብለው የለ? ከዚያ ወዲህ የመርሳ ሰው በአንድ ጥሪ አቤት አይልም። ወላሂ፣ ባጃጅ እንኳ ሦስቴ ካልጠሩት አይቆምም።

አባባም ቤት የገባውን ወረቀት ሁሉ በመዳፋቸው እያሹ ያቀኑት ነበር። አንድ ቀን በርበሬው ዓይናቸው ገብቶ እያለቀሱ ሳቁና፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያቃተኝን ይኼ ልጅ በአንድ ጠዋት አደረገው፣ አስነበበኝ አሉ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ጦርነቱ መጥቶ ቤት ዘግተን ሸሽተን ስንመለስ ደግሞ የአባባ ሳጥን ባዶውን ነበር፤ የቀሩት ደብተሮች በሙሉ ለማገዶ ሆነዋል። ከሠላሳ ዓመት ጽሑፍ የተረፈው አንተ ያጠፋኸው ብቻ ነው፣ ወንድሜ። በየሰው ቤት ተበትኖ ተረፈ።

ሰላም አሁን ከመርሳ እስከ ግራና ቤት ለቤት እየዞረች ትሰበስበዋለች፤ ልታሳትመው ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፣ አንዷ የኪታቧ ሽፋን አድርጋዋለች። የጠፋውን ገጽ ያነበበ ሰው በቃሉ ይነግራታል። የመጨረሻዋን ገጽ ግን አየሁ የሚል ሰው ጠፋ። ልጅየው ሦስተኛውን ጥሪ ሰምቶ አቤት ይበል ዝም ይበል የሚያውቅ የለም። ጋሽ አለሙን አፋጠጥኳቸው። ልጁ ደብተሮቹን ሰጥቶኝ ከወጣ በኋላ ተመለሰ፣ አንዷን ወረቀት ገንጥሎ፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብቀውን! አባባ ያውቁ ነበር ወይ ስላቸው፣ በሳምንቱ ነግሬያቸዋለሁ፣ ለማንም አትንገር ብለውኝ ነው አሉ። ለካ መጨረሻውን ንገሩን ስንላቸው፣ ልጄ ዘንድ ነው፣ ሲመጣ ያነበዋል ይሉን የነበረው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አልጋ ላይ ሳሉ ነግረውኛል። ልጅ ሳሉ እናታቸው፣ አያታችን ማለት ነው፣ ከጓሮ ሁለት ጊዜ ጠሯቸው። ሰምተዋል። ግን ጨዋታ ላይ ነበሩና ሦስተኛ ስትጠራኝ እሄዳለሁ ብለው ዝም አሉ። ሦስተኛ አልጠሯቸውም። አያታችንን እባብ ነድፏቸው ነበር፤ አባባ ሲደርሱ አልቋል። ዕድሜ ልካቸውን ሲጽፉ የኖሩት ያችኑ ያልመጣች ጥሪ ነው፤ ሰው ግን ጂን ነው አለ። ይህን ሰምቼ ስንቴ እንደሰደብኳቸው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሰላም ገጿን ፎቶ አንስቶ በስልክ ይላክልን ብትል እምዬ ተቆጣች። እንዳይልካት፣ ይዟት ይምጣ አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጁነይድ። ከዐስር ሰላት በኋላ በር ላይ ትቀመጥና ከደሴ የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ትነሳለች። ሰው ወርዶ ወደ ሌላ ቤት ሲታጠፍ ነጠላዋን ለማስተካከል የተነሳች አስመስላ መልሳ ትቀመጣለች። እኔ አላየሁም እላለሁ።

እምዬ ዘይነባ በዱአዋ ሁሉ ስምህን እየጠራች ሰላም ብላሃለች። ባለቤቴ ኡበይደላ፣ ቀጭን ነበር፣ እዚያ ወፍሮ ይሆን እያለ ይጠይቅሃል። ያላየሃቸው ልጆቼ አጎታችን ጂን ነው ወይ ይሉኛል፤ ወሬህ ይሰማል እንጂ አንተ ስለማትታይ ነው። የሻረግ መጨረሻውን ሳልሰማ እንዳልሞት በሉልኝ ብላለች። ጋሽ አለሙ ስለ መደበቃቸው አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብለውሃል።

የፊተኞቹን ሁለት ጥሪዎች የጂን ነው ብለህ ዝም ብለሃል እንበል፤ አውፍ ብዬሃለሁ። ይኼ ሦስተኛው ነው። የምጠራህ እኔ ነኝ። አቤት በል።

እህትህ ኢብቲሳም
መርሳ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.